የቀበና ሸለቆ ምንጮች፦ ግንቡ ከመቆሙ በፊት ምን ይመዘገባል?

የጉዳይ ጥናት፣ መሃል አዲስ አበባ

ሸለቆው

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተዳፋት ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሥር ያልፋል፤ በቀበና ድልድይ ሾልኮ፣ ግንፍሌን ተቀብሎ ወደ ፒኮክ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ትልቁ አቃቂ ገብቶ አባ ሳሙኤል ላይ ከትንሹ አቃቂ ጋር ይገናኛል፤ መድረሻው አዋሽ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ የመሃል ከተማው ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ቁልቁለት በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚጨርስ ወንዝ የሚቆፍረው ጠባብና ገደላማ ሸለቆ ነው። እንደ ጣና ዳር የተንጣለለ ደንገል እዚህ አይገኝም። ያለው ከገደሉ እግር ሥር የሚያዥ ምንጭ፣ ከምንጩ በታች አንድ ክፍል ቤት የምታህል አረንቋ፣ በወንዙ መታጠፊያ ደለል ሞልቶት ቄጠማ ያበቀለ ጥግ ነው።

ትንሽ ስለሆኑ ይናቃሉ። ነገር ግን ይቆጠር፦ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ የሚሞላ ምንጭ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፤ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። በየካቲት፣ በወንዙ አልጋ የሚወርደው አብዛኛው የቤት ፍሳሽ በሆነበት ወር፣ ወደ ወንዙ የሚገባው ንጹሕ ውሃ ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ምንጮቹ የሚወጡበት ምክንያት ቀላል ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። በዓመት ከሚወርደው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ትልቁ ድርሻ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ውሃው በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ሰርጎ ይወርድና ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ሲገጥመው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ወንዙ የቆረጠው ገደል ላይ ሲደርስ ብቅ ይላል። ስለዚህ ምንጮች ብዙ ጊዜ በተቀራራቢ ከፍታ ተሰልፈው ይገኛሉ። አንዱን ያገኘ ሰው ያንን ከፍታ ይዞ ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው የወንዙ አቅጣጫ ቢጓዝ ሌሎቹን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ነዋሪው ደግሞ ከባለሙያ በፊት ያውቃቸዋል። ልብስ የሚታጠብበት፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚሰለፍበት፣ ለበዓል ቄጠማ የሚታጨድበት ቦታ ሁሉ ምንጭ ወይም የምንጭ ግርጌ ነው። ከሁሉ የተሻለ ተጠብቀው የኖሩት ግን ጸበሎች ናቸው። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ጸበል ማንም ተነሥቶ ቱቦ ቀብሮ ሊያልፍበት አይደፍርም። ስም የሌለው ምንጭ ይህ ጥበቃ የለውም፤ የውሃ አዘል መሬት ባለሙያ ሥራም ለዚያ ስም አልባ ምንጭ ቁጥር፣ ስፋትና ድንበር ሰጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የሚያለማና 29 ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ የሸገር ማስዋብ ዕቅድ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ በገበታ ለሸገር፣ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፈለ። ወዳጅነት ፓርክ በ2012 መጨረሻ ተመረቀ፤ ከዚያ በኋላ የወንዝ ዳርቻ ሥራው ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ ወዳለው የቀበና ሸለቆ ተሻገረ። ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ገደል ሰው የሚሄድበት መንገድ ሆኗል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የዚህ ጥናት ጭብጥ ሌላ ነው። በእንዲህ ያለ ሸለቆ ውስጥ አረንቋው የሚጠፋው ቁፋሮ ሲጀመር አይደለም፤ ቀያሹ በክረምት መጥቶ፣ ሁሉም ቦታ እርጥብ በሆነበት ሰዓት ነጥብ ወስዶ፣ ምንጩን ከዝናቡ ሳይለይ ሲሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ ስሕተት ውጤት ነው።

ያልተመዘገበ ምንጭ ምን ያመጣል

በመጀመሪያ የሚጎዳው የወንዙን ዳርቻ ለመደገፍ የሚሠራው ግንብ ራሱ ነው። 3 ሜትር ቁመት ያለውን የድጋፍ ግንብ ከጀርባው ያለው ደረቅ ሙሌት በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት በ2.7 ቶን ገደማ ይገፋዋል። ከጀርባው ውሃ እስከ አናቱ ከሞላ ውሃው ብቻውን 4.5 ቶን ይገፋል፤ በውሃው ውስጥ ያለው አፈር ሲደመርበት ወደ 6 ቶን ይጠጋል። ማለትም ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። መሐንዲሱ ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ግንቡ ላይ 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ማፍሰሻ የሚተወው። የማያውቀው ግን የትኛው ቦታ ላይ ውሃው ዓመቱን ሙሉ እንደሚመጣ ነው። ለዝናብ ተብሎ የተሠራ ማፍሰሻ በጋ ላይ ደርቆ ያርፋል። ምንጭ ያለበት ማፍሰሻ ግን ፈጽሞ አያርፍም፤ ውሃው ብረት ካለበት በባክቴሪያ የሚፈጠር ዝገት መሰል ዝቃጭ ይጠራቀምና ቀዳዳውን ይደፍናል። ከጀርባው ጠጠርና ማጣሪያ ጨርቅ ካልተደረገ ደግሞ ደቃቁ ሸክላ ያንኑ ይሠራል። ግንቡ ላይ በመጀመሪያ ነጭና ቀይ ቡናማ ወረዛ ይታያል፣ ቀጥሎ መሃሉ ያብጣል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክረምት ይሰነጠቃል።

ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ምንጩን በቱቦ ሰብስቦ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። ግንቡ ይድናል፣ አረንቋው ግን ይሞታል። በዚህ ሸለቆ የተለመደው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዘመናት እርጥብ ሆኖ የኖረ መረሬ በአንድ በጋ ሲደርቅ ላዩ ላይ የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይነሣል። ከዚህም የከፋው ቱቦው በአቅራቢያ ባገኘው የፍሳሽ መስመር ላይ ሲቀጠል ነው። የፍሳሽ መስመሮች በስበት ስለሚሠሩ የሚዘረጉት በሸለቆ ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ቅርብ ናቸው። በቀን 43 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ከመስመሩ ሲደባለቅ ቱቦው ውስጥ ለእውነተኛው ፍሳሽ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል፤ በሐምሌ ጎርፍ ሲጨመርበት ማንሆሉ ይፈነዳል። የቃሊቲ ማጣሪያ የተሠራው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ነው፤ የጠራ ምንጭ ለማጣራት ያንን አቅም ማባከን ከንቱ ወጪ ነው።

ሌላም አለ። ቄጠማ ያለ ማንም እርዳታ ይበቅልበት የነበረ መሬት ምንጩ ተነቅሎ የሣር ምንጣፍ ሲነጠፍበት፣ በጥር የውሃ ቦቴ ቆሞ ያንኑ መሬት ያጠጣል።

ምዝገባው

ጊዜው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው፤ የበልግ ዝናብ ከመጣ አበቃ። በዚህ ወቅት እርጥብ ሆኖ የተገኘ ማንኛውም ቦታ ምክንያት አለው፣ እሱም ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ምንጭ፣ የሚያፈስ የውሃ መስመር፣ ወይም የሚያፈስ ሽንት ቤት። የመሃል ከተማ ጥናት ከገጠሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱን ሳይለይ የተሳለ ካርታ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ውድቅ ይሆናል።

መለያው እንዲህ ነው። የመሬት ውስጥ ውሃ ሙቀቱ ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር ይቀራረባል፤ እዚህ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ጧት 1 ሰዓት እና ቀን 8 ሰዓት ላይ ሲለካ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ የማይበልጥ ከሆነ ምንጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ርካሽ የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይበቃል። ነገር ግን ክሎሪን አፈር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጠፋ ወረቀቱ ምንም አለማሳየቱ ማስረጃ አይሆንም። የበለጠ የሚታመነው የውሃ ፈረቃ ነው። የሰፈሩ ውሃ በሚቋረጥበትና በሚለቀቅበት ቀን ፍሰቱ በጀሪካን ይለካ፤ ከፈረቃው ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ የሚያፈስ ቱቦ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ይታወቃል። መለኪያውን ይዞ በወንዙ ዳር በየ50 ሜትሩ ማንበብ፣ ንባቡ ድንገት የዘለለበትን ቦታ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በዚያ ነጥብ ላይ አሞኒያ መለካት ነው። አፍንጫ ብቻውን ያሳስታል፤ ጤነኛ አረንቋም ሲቆፈር የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል።

ቦታው ምንጭ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ድንበሩ በሦስት ማስረጃ ይወሰናል፦ በውሃ፣ በአፈር፣ በእጽዋት። ለውሃው 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጎኑ የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቀበራል። በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካኖች መለኪያ ውሃው ከመሬት ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ለ14 ተከታታይ ቀናት ከቆየ በቂ ነው ይላል። ቱቦው ከመሬት ጋር እኩል ተቆርጦ ክዳን ይደረግለት፤ ከፍ ብሎ ከቆመ ወይ ይነቀላል ወይ ልጆች ድንጋይ ይሞሉበታል።

አፈሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። 50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ግራጫ ቀለም፣ በሥሮች መተላለፊያ ላይ ደግሞ የዝገት ነጠብጣብ ይፈለጋል። መረሬ በተፈጥሮው ጥቁር ስለሆነ ግራጫውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ዝገቱ ላይ ማተኮር ይሻላል፣ ቀጭን ሥር ዙሪያ የሚታየው ቀይ ቀለበት ነው የሚፈለገው። መሃል ከተማ ላይ ሌላ መሰናክል አለ፦ የላይኛው ግማሽ ሜትር የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል። ጡብና ፕላስቲክ ሲወጣ አካፋውን ትቶ በእጅ መሰርሰሪያ የድሮውን አፈር እስኪያገኙ መውረድ ግድ ነው። በፍርስራሽ ላይ የተጻፈ የአፈር መግለጫ ምንም ዋጋ የለውም።

እጽዋቱ በ1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ፣ በአንድ አረንቋ ቢያንስ አምስት ቦታ ይቆጠራሉ። ከተሸፈነው መሬት ከግማሽ በላዩን ውሃ ወዳድ ዝርያ ከያዘው ማስረጃው ተሟላ። ቄጠማና እንግጫ ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ፊላ ይመሰክራል፣ ግን የፍሳሽ ቦይም ውስጥ ስለሚበቅል ለብቻው አይታመንም። ሸምበቆ ጭራሽ አይቆጠር፤ ሰው ለአጥር ይተክለዋል፣ ደረቅ ዳርቻ ላይም ይቆማል። የቄጠማ ዓይነቶች ያለ አበባና ፍሬ ስለማይለዩ ናሙናው ከነሥሩና ከነአበባው ተጨምቆ ለብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ እጽዋት ናሙና ማከማቻ) ይቅረብ፤ ሄርባሪየሙ አራት ኪሎ፣ ከሸለቆው አቀበቱን ወጥቶ ነው ያለው።

ከመሣሪያው ሁሉ በፊት ግን ሰው ይጠየቃል። ሠላሳ ዓመት እዚያ የኖሩትን እማማ «እዚህ ምንጭ አለ?» ብሎ መጠየቅ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ያስመልሳል። «ጋሼ፣ እማማ፣ በጋ ላይ ውሃ ሲጠፋ የት ነበር የምትቀዱት? አሁንስ ለምን ተዋችሁት?» ሲባል ግን ቦታው፣ ዓመቱና የተበከለበት ምክንያት አብሮ ይመጣል። የወንዝ ዳር ነዋሪ ከተነሣ በኋላ ይህን የሚነግር ሰው አይገኝም። ስለዚህ ይህ ክፍል ከምንም በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ለቦታ ምልክት የስልክ ጂፒኤስ ብቻ አይበቃም። በጠባብ ሸለቆ ሰማዩ ስለሚሸፈን ስሕተቱ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ አረንቋው ራሱ 8 ሜትር ሊሆን ይችላል። ከድልድይ ጠርዝና ቁጥር ካለው የመብራት ምሰሶ በሜትር ተለክቶ ይጻፍ።

በውሃው ውስጥ ያለው ሕይወት

የወንዙን ጤና ለማወቅ የላቦራቶሪ ወረቀት የአንድ ሰዓት ፎቶ ነው፤ ነፍሳቱ ግን ያለፉትን ወራት ይናገራሉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ከእግር በታች፣ ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ተይዞ፣ የወንዙ አልጋ ለ3 ደቂቃ በእግር ይናጣል፤ የተያዘው በነጭ ሳሕን ተለቅሞ በ70 በመቶ አልኮል ይቀመጣል። ከእንጦጦ በታች ድንጋይ ሥር ሜይፍላይና ካዲስፍላይ እጮች ከተገኙ ኦክስጅን አለ። ወደ ድልድዩ ሲወረድ ሳሕኑ ላይ የቀረው ቀይ የኪሮኖሚድ (ትንኝ መሰል ነፍሳት) እጭና ቀጭን ትል ብቻ ከሆነ ኦክስጅኑ አልቋል፤ ቀይ የሆኑት ሄሞግሎቢን ስላላቸውና በጥቂት ኦክስጅን መኖር ስለሚችሉ ነው። ናሙናው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ይወሰድ። ከጎርፍ በኋላ ሁለት ሳምንት ካልሞላ አልጋው ታጥቦ ስለሚሆን ንጹሕ ወንዝም ባዶ ይመስላል።

ኦክስጅንን በሚመለከት የሚደጋገም ስሕተት አለ። የባሕር ዳርቻ አገሮች ሰንጠረዥ በ20 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው ሙሉ ኦክስጅን በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ነው ይላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ሙሉው 6.8 ገደማ ነው። መለኪያው ለከፍታው ካልተስተካከለ 6.5 የተነበበበት ጤነኛ ውሃ የተጎዳ ተብሎ ይጻፋል። ንባቡም ጎሕ ሲቀድ ይወሰድ፤ ቀን ላይ አልጌው ኦክስጅን ስለሚያመርት የተበከለው ወንዝ ደህና መስሎ ይታያል።

መሬቱና ወረቀቱ

በሌሎች አገሮች የመሬት ጥበቃ ተሟጋቾች ረግረጉን ገዝተው ወይም በባለይዞታው ውል ላይ ገደብ አስገብተው ያስጠብቁታል። እዚህ ይህ መንገድ የለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። ስለዚህ ምንጭን ማስጠበቅ ማለት ከፕላኑ ላይ ድንበሩ እንዲሳል፣ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት እንዲሰየምለት፣ ከዚያም በሥራ ውሉ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ይበልጣል። በቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱ) ላይ መስመርና ዋጋ ያልተሰጠውን ነገር ተቋራጩ ሊሠራው አይችልም፣ ቢፈልግ እንኳን ክፍያ የለውም።

የሕግ መግቢያ በሮቹ የታወቁ ናቸው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአንቀጽ 15 የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አቤቱታው በማን ላይ እንደሚቀርብ ግን ይታሰብበት። በ1999 ዓ.ም. አንድ የሲቪል ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት ያቀረበው ክስ ተቀባይነት አላገኘም፤ የተከሰሰው በካዮቹ ሳይሆኑ ተቆጣጣሪው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር።

ከክርክሩ በላይ ግን የቀን መቁጠሪያው ይወስናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በየካቲት የተሠራ ካርታ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ከንድፍ ቡድኑ እጅ ካልገባ ያመልጣል። መልኩም አጭር ይሁን፦ አንድ ካርታ፣ የምንጮቹ ቁጥርና ፍሰት በሰንጠረዥ፣ ግንቡ የሚያቋርጣቸው በቀይ። መሐንዲስ ስለ ወፍና ቄጠማ ከሚነገረው ይልቅ ግንቡ የሚፈርስበትን ነጥብ ቶሎ ያዳምጣል፣ ያም ትክክል ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሆኑ ግንቡን ያዳነ አረንቋውንም ሊያድን ይችላል።

በንድፉ ላይ የሚጠየቀው

ግንቡ በተቻለ መጠን ከምንጭ መስመሩ በላይ ይቁም፤ ካልሆነ በዚያ ቦታ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ይተካ፣ ውሃው በድንጋዩ መሃል ያልፋልና። ከግንቡ ፊት የወጣው ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዝ ከሚወርድ ይልቅ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በምትሆን የድንጋይ ደፍ ታግዶ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይተኛ። የተቆፈረው የአረንቋ አፈር አይጣል፤ የዘር ክምችቱ እዚያ ውስጥ ነው፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይመለስ። ቄጠማው ከነሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ጉማጅ ሆኖ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይተከላል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 11 ጉማጅ ይበቃል። ዳርቻውን ለመያዝ አገር በቀሉ አኻያ ተወዳዳሪ የለውም፦ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አውራ ጣት የሚወፍር ቁራጭ፣ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ይተከላል። ጊዜው ሰኔ አይደለም፤ ሥር ሳይሰድ የሐምሌ ጎርፍ ይወስደዋል። የነሐሴ መጨረሻና መስከረም፣ ወንዙ ሲቀንስና አፈሩ ገና እርጥብ ሲሆን ይሻላል። ከፍ ባለው ዳርቻ ዶቅማና ሾላ ይከተላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የእንክብካቤ ውል ነው። የሣር አጫጅ ቡድን ቄጠማን እንደ አረም ካየው በአንድ ጧት ያጭደዋል፣ ስለዚህ የአረንቋው ድንበር በእንጨት ችካል ይታይ፤ በውሉ ላይም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ግማሹ ብቻ፣ በኅዳር እንደሚታጨድ ይጻፍ። ማፍሰሻዎቹ በየዓመቱ በግንቦት ይጠረጉ። የእያንዳንዱ ምንጭ ፍሰት በየዓመቱ በየካቲት፣ በዚያው ነጥብና በዚያው ጀሪካን ይለካ፤ ሁሉም እኩል ከቀነሱ ዝናቡ አንሶ ነው፣ አንዱ ብቻ ከቀነሰ ግን ከግንቡ ጀርባ ውሃ እየተጠራቀመ ወይም ከላይ በኩል አዲስ ቁፋሮ መንገዱን ዘግቶበት ሊሆን ስለሚችል ክረምቱ ሳይገባ መሐንዲሱ መጠራት አለበት።